ቡና ጥላ ይወዳል፣ ኔትወርክ አይወድም

ይህን ስጽፍ ስልኬ ከመኪናችን ጣሪያ በላይ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ቀርከሃ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የቡና መፈልፈያ ጣቢያው ዘበኛ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቀን ወፍ ለማስፈራራት የሰቀልነው መስሏቸው ነበር። አሁን ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ባለፉ ቁጥር ቀና ብለው ያዩትና «ኔትወርኪን ጅራ?» ይሉኛል፤ ኔትወርክ አለ ወይ ማለታቸው ነው። «ጅራ፣ አባባ» እላቸዋለሁ። ባይኖርም «ጅራ» እላቸዋለሁ። ሽማግሌ ሰው በማለዳ በክፉ ወሬ አይቀበሉም።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቤታችን ጅማ ከተማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን ቤቴ ባለቤቴ የሚነዳው አሮጌ ሃይሩፍ ሚኒባስ ነው። በእነዚህ ሦስት ወራት ጎማ፣ ሊሙና ጌራ ውስጥ ላሉ አምስት የእሸት ቡና መፈልፈያዎች መዝገብ እይዛለሁ። እሸት ቡና አያድርም። የተለቀመው ቀይ ፍሬ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው እስከ ምሽት ያመጣል፣ ማሽኑ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል፣ መዝገቡም የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ተነስቶ አጋሮ ድረስ ሆቴል ፍለጋ መሄድ ሲሰለቸን ባለቤቴ የኋላ ወንበሮቹን አውጥቶ አልጋ በየደ፤ ለእኔም በመስኮቱ በኩል ትንሽ ጠረጴዛ ሠራልኝ። «ቡናው እንኳን ማድረቂያ አልጋ አለው፤ እኛ ግን ወንበር ላይ» እያልኩ ሁለት ዓመት ያጉረመረምኩት በከንቱ አልቀረም።

አልጋው ሲሠራ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። የቀኑ ግዢ፣ የተከፈለው ገንዘብና የደረሰኞቹ ምስል በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አዲስ አበባ መድረስ አለበት። አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ እኔ ደግሞ ከጅማም አልፌ የዋንዛና የሰሳ ዛፍ ሥር ነኝ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አሜሪካ ነው የሚኖሩት። ለዓመታት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ሲወጡ፣ ወጥ ቤቱም መታጠቢያውም ውስጡ ያለ መኖሪያ መኪና ገዙ፤ እዚያ አር ቪ ይሉታል። የእኛን ሃይሩፍ በስልክ ሳሳያቸው «እንግዲህ እናንተም አር ቪ አላችሁ» አሉን። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት አንገቱን ቀና አድርጎ ነዳ። እኔ ግን የጠየቅኳቸው ስለ ኢንተርኔት ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ መንገድ ላይ ሆነው እንዴት ነው የሚጠቀሙት? ዋጋውስ?»

የነገሩኝ ይህን ነው። መኪናቸውን የሚያቆሙባቸው የመዝናኛ ሰፈሮች ዋይፋይ አላቸው፤ ነገር ግን አንዱን መስመር ሁሉም ስለሚካፈለው ሲመሽ ይንፏቀቃል። ገንዘብ መቆጠብ የፈለገ ሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ መኪናውን አቁሞ የዚያን ዋይፋይ ይጠቀማል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላም ሞገዱ ግቢው ድረስ የሚወጣበት ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ግን የሚጠቀሙት የስልካቸውን ሆትስፖት ነው፣ ስልኩ የራሱን ዳታ በዋይፋይ ለሌላ ዕቃ የሚያካፍልበትን፤ አንዱ ኩባንያ የማይደርስበት ቦታ ሌላው ይደርሳልና የሁለት ኩባንያ መስመር ይይዛሉ። ገንዘቡ ያለው ደግሞ ጣሪያው ላይ ኢንተርኔት ከሳተላይት የሚቀበል የስታርሊንክ ሳህን ይሰቅላል፤ ሳተላይቶቹ ከምድር 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሳህኑ እንደ ዓይነቱ ከ25 እስከ 100 ዋት ይበላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰማዩ ወለል ብሎ ሊታየው ይገባል። ይህን ሲሉኝ ስለ ሳህኑ ማሰቤን ተውኩ። ፈቃዱና ዋጋው ቀርቶ፣ ጌራ ውስጥ ወለል ያለ ሰማይ ከየት ይመጣል?

ያም ሆኖ የጥያቄዬን መልስ ያገኘሁት እዚያው ጌራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት መኪናችንን ያቆምነው ትልቅ ዋንዛ ሥር ነበር። ባለቤቴ ጥላ ሲያይ ልቡ ይጠፋል። ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ላይ ታወሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የእኔ ሪፖርት ግን ከዚያ ቦታ ለአራት ቀናት አልሄድ አለ። ክቡ ምልክት ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ «አልተላከም» ይላል። ሁለት ጊዜ ባለቤቴን ሌሊት ቀስቅሼ ወደ ከተማ አስነዳሁት፤ የነዳጁን ዋጋ ስደምረው የአንድ ወር የዳታ ጥቅል ከነተራፊው ይገዛ ነበር። በአምስተኛው ቀን፣ ከእኛ ሃምሳ እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ ማድረቂያ አልጋዎቹ መካከል ጀንፈል የምታገላብጥ አንዲት ልጅ ከጅማ እህቷ ጋር በቪዲዮ እየሳቀች ስታወራ አየኋት። ስልኳ ከእኔ ስልክ በዋጋ ግማሽ የማይሞላ ነው።

ስልኬን ይዤ ወደ እሷ ሄድኩ። ሪፖርቱ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሄደ።

በኋላ ነገሩን አስቤ ራሴን ታዘብኩ። ቅጠል ውስጥ ያለው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ይጠጣል። ዝናብ ጥሎ ቅጠሉ ሲረጥብ ይብሳል። በዚያ ላይ እኔ የተቀመጥኩት የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ጅማ ዙሪያ ቡና የሚበቅለው በዋንዛ፣ በሰሳና በብርብራ ጥላ ሥር ነው፤ ያ ለቡናው የምንመርጠው ጥላ ለስልኩ ግድግዳ ነው። ማድረቂያ አልጋ ግን ፀሐይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በየትኛውም መፈልፈያ ዛፉ የተመነጠረበት ሜዳ ማድረቂያው ያለበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ጣቢያ ስንደርስ የምጠይቀው ስለ ኔትወርክ አይደለም፤ «ማድረቂያው የት ነው?» እላለሁ። አንድ ጉድለት አለው፤ ብዙውን ጊዜ የገለባው ክምርና የማጠቢያው ፍሳሽ ከማድረቂያው አይርቅም፤ ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ባለቤቴ ግን መኪናውን ፀሐይ ላይ አላቆምም አለ። እኔም አልተኛበትም ነበር፤ እውነት ነው፣ በቀትር ምጣድ ይሆናል። የተስማማነው በቀርከሃው ነው። መኪናው ጥላው ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ስልኩ ከቅርንጫፍ ራቅ ብሎ ከፍ ይላል፤ እኔ ከታች በዋይፋይ እቀበላለሁ። ሆትስፖቱን በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ አድርጉት፤ ከ5 ጊጋኸርትዝ ይልቅ ርቀትና ግድግዳ ይችላል። ፌስታሉ ለጤዛ ነው። ከፀሐይ ግን አያድንም፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አወርደዋለሁ፤ አንድ ባትሪ አብጦብኛል።

ስልኩ አናት ላይ የሚታዩት የኔትወርክ መስመሮች አያታልሏችሁ። ሁለት መስመር እያሳየ የማይልክ፣ አንድ መስመር እያሳየ የሚልክ ስልክ አይቻለሁ። አንድሮይድ ስልክ ላይ፣ ቅንብሮች ውስጥ ስለ ስልኩ ከሚለው ሥር የሲም ሁኔታ የሚል ገጽ አለ፤ እዚያ በዲሲቤል የሚለካ ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በ4ጂ ከ−90 የተሻለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ከ−110 ከባሰ ሥራ የለም። ከዋንዛው ሥር −116 የነበረው ቀርከሃው ላይ −103 ሆነ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በዲሲቤል ግን 13 ልዩነት ማለት የኃይሉ 20 እጥፍ ነው። ለቀርከሃው የከፈልኩት ለአባባ አንድ ኪሎ ስኳር ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ ከዚያ በፊት ለአንድ የሞባይል ዕቃ ሻጭ ወርቅማ ተለጣፊ ገንዘብ ከፍያለሁ። ከስልኩ ጀርባ ሲለጠፍ «ኔትወርክ ይስባል» ተባልኩ። ሂሳብ የተማርኩ ሴት ነኝ። አሁንም ከስልኬ ጀርባ አለ፤ ማላቀቁ አስቸግሮኝ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ብቻ 22 ጊጋባይት አለቀብኝ። ወጪ ያለ ማስረጃ አላልፍምና የስልኩን የዳታ አጠቃቀም ገጽ ከፍቼ እንደ ባንክ መግለጫ አነበብኩት። 9 ጊጋባይት የሚሆነውን የበላው ቴሌግራም ነበር፤ የዘመድ ሰርግ፣ የሰፈር ዕድር፣ የትምህርት ቤት ጓደኞች ቡድን፣ የሚለጥፉትን ቪዲዮ ሁሉ እኔ ሳላየው በራሱ ያወርደዋል። 6 ጊጋባይት ያህሉ የላፕቶፑ ዝማኔ ነው። 4.2 ጊጋባይት የደረሰኝ ፎቶ፤ ቀሪው ጥሪና ልዩ ልዩ። በስንት ድካም የምሠራቸው ሰንጠረዦችስ? የወሩ ተደምሮ 2 ሜጋባይት አልሞላም። ለሥራ ብዬ የምከፍለው ገንዘብ ለሥራ አልነበረም።

ቴሌግራም ላይ ዳታና ማከማቻ ከሚለው ገብቼ በሞባይል ዳታ በራሱ ማውረዱን አጠፋሁ። ላፕቶፑ ላይ የስልኬን ሆትስፖት በልኬት የሚከፈልበት መስመር አድርጌ መዘገብኩት፤ ዝማኔዎቹ ጅማ እስክንገባ ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። «በዋይፋይ ብቻ አውርድ» የሚለው ትእዛዝ ከሆትስፖት አያድናችሁም። ላፕቶፑ ወይም ሁለተኛው ስልክ ከእናንተ ስልክ ሲቀበል ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል፤ ደስ ብሎት ሁሉንም ያወርዳል። የባለቤቴ ስልክ የሁለት ዓመት ፎቶ በአንድ ሌሊት በእኔ ጥቅል ወደ ደመና፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማከማቻ፣ የጫነው እንዲህ ነው። ከፎቶዎቹ አብዛኞቹ የሞተር ናቸው።

ደረሰኞቹን በተመለከተ፣ አንድ የስልክ ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው፤ በቀን 40 ደረሰኝ 160 ሜጋባይት ይሆናል። አሁን በሰነድ ማንሻ መተግበሪያ በጥቁርና ነጭ አነሳቸዋለሁ፤ አንዱ 200 ኪሎባይት ያህል ይመጣል። 40ው 8 ሜጋባይት። በ26 የሥራ ቀን 208 ሜጋባይት፤ 4.2 ጊጋባይት የነበረው ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለው ኃላፊ ደግሞ ቁጥሩ ከበፊቱ በተሻለ ይነበባል አለኝ። እኔን የገረመኝ ይህ ነው።

ጥቅል ስገዛ በወር ነው የምገዛው። የቀን ጥቅል ርካሽ ይመስላል፤ በሜጋባይት ሲሰላ ግን ስኳር በማንኪያ እንደ መግዛት ነው። በ*999# ወይም በቴሌብር እገዛለሁ፤ የመጀመሪያው መንገድ ዳታ ባይኖርም ይሠራል። «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ኩባንያ ስታዩ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ፤ ጋሼም በዚህ ተቃጥለው ያውቃሉ። ከተወሰነ መጠን በኋላ አይቋረጥም፤ ይንቀረፈፋል እንጂ።

ሁለት ሲም የመያዝ ምክራቸውን ግን እንዳለ ወስጃለሁ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ በይፋ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ እኛም አገር ምርጫው ሁለት ሆኗል፤ 09ም 07ም ስልኬ ውስጥ አሉ። የወር ጥቅል የምገዛው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ሌላኛው ትንሽ የአየር ሰዓት ብቻ ይዞ ይጠብቃል፤ የባለ ጥቅሉ ሲም ታወር መብራት ሲጠፋበት ወይም ኮረብታ ሲጋርደው ለዚያች ሌሊት የቀን ጥቅል እገዛለታለሁ። የትኛው ይሻላል አትበሉኝ። በዚህኛው ሸንተረር የሚሠራው በቀጣዩ ላይሠራ ይችላል፤ የየጣቢያውን ውጤት የምመዘግብበት የደብተር ገጽ አለኝ። 4ጂ ሲያንገራግር ስልኩን በእጅ ወደ 3ጂ መመለስም ይረዳል፤ ስልኩ በራሱ ፈቃድ በሁለቱ መካከል ሲዋልል ነው ጊዜውም ባትሪውም የሚያልቀው።

ሰዓቱ ደግሞ ከቦታው አይተናነስም። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት አገር ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ግን ታወሩ የእኔ ብቻ ይመስለኛል። ማሽኑ ዝም ሲል መዝገቤን ዘግቼ እተኛለሁ፤ በ10 ሰዓት እነቃለሁ፤ እልካለሁ፤ እንደገና እተኛለሁ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ከባድ ነገር ካለ የሚወርደው በዚያን ጊዜ ነው። መብራት በሄደ ቀን ግን ሌሊቱን አልጠብቅም። ታወሩ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ነው የሚቆየው፤ መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ሻማ ይፈልጋል፣ እኔ ሪፖርት እልካለሁ።

ዳታ ጨርሶ በማይሠራበት ቀን አጭር መልእክት አለ። ለጥሪ እንኳ የማይበቃ ጭላንጭል መልእክት ያሳልፋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በአማርኛ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ብቻ ነው፣ በላቲን ፊደል ግን 160። ስለዚህ የቀኑን ኪሎ፣ የተከፈለውን ብርና የተረፈውን ጥሬ ገንዘብ በቁጥርና በተስማማንበት የላቲን ሆሄ ጨምቄ በአንድ መልእክት እልካለሁ። ደረሰኙ ሲመቸው ይከተላል። ይህን ስልት የነገርኳት የሥራ ባልደረባዬ «የጦር ሜዳ ሬዲዮ አደረግሽው» ብላ ሳቀችብኝ። ሪፖርቱ ግን አንድ ቀን አላደረም።

ከተማ ውስጥ ያለውን የሆቴልና የቡና ቤት ዋይፋይም ሞክሬአለሁ። አንድ ጊዜ፣ ስሙ ይቅርና፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የይለፍ ቃሉን ለማግኘት ቡና አዘዝኩ፤ እስኪገናኝ ሁለተኛ አዘዝኩ፤ ፋይሉ ግማሽ ላይ ሲቆም ኬክ አዘዝኩ። ሲደመር የሁለት ሳምንት ዳታ ጠጥቼ ወጣሁ። ለላፕቶፕ ዝማኔ ካልሆነ አልመክርም። የባንክ ሥራችሁንማ በራሳችሁ ሲም ሥሩ።

የኤሌክትሪኩን ነገር ባለቤቴ ነው የሚያውቀው፤ እሱ የነገረኝን ልበል። ከመኪናው ባትሪ ሌላ 70 አምፔር ሰዓት የሆነ ሁለተኛ ባትሪ አለን። በ12 ቮልት 840 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ እንዲበረክት ከግማሹ በላይ አናወርደውም። 45 ዋት የሚፈልገው ላፕቶፕ አራት ሰዓት ሲሠራ 180 ይወስዳል፤ ስልክ ኢምንት ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ይተካዋል፤ መኪናው ዋንዛ ሥር ካልዋለ። እዚህም ያው ጥላ።

ካርታ ከመነሳቴ በፊት አውርጄ እይዛለሁ፤ ኦርጋኒክ ማፕስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ባለቤቴ አይጠቀምበትም፤ መስኮት ዝቅ አድርጎ ሰው ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ እሱ ይቀድመኛል።

አንድ ወጪ ግን መቀነስ አልቻልኩም። የመኪናዋ ሴትዮ ዋይፋይ አላት የሚል ወሬ በተዳረሰ በሁለተኛው ቀን የለቃሚዎቹ ልጆች ተሰልፈው ይመጣሉ። በዚህ አገር ቡና አፍልቶ ጎረቤት አለመጥራት ነውር ነው፤ ሆትስፖት ከፍቶ መደበቅም እንደዚያው ሆኖ ተሰማኝ። መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ሰጠሁ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ 3 ጊጋባይት ሄደ። ከዚያ ዘዴ ቀየርኩ። የሚፈልጉትን ይነግሩኛል፤ ኳስ፣ ዘፈን፣ አንዷ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት። በሌሊቱ ጥቅል አንድ ጊዜ አወርዳለሁ። ጠዋት ዜንደር በሚባል መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበሉታል፤ ይህ ዳታ አይበላም። አሁን ትእዛዛቸውን በደብተር የምትይዝልኝ ልጅ አለች፤ ማን መጀመሪያ እንደጠየቀ ከእኔ በተሻለ ትመዘግባለች። እንደማየው ከሆነ እጄ ላይ ሌላ የሂሳብ ሠራተኛ እያደገች ነው።

ይህ ጽሑፍ ፎቶ የለውም። አንድ የአማርኛ ሆሄ በኮምፒውተር 3 ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ ብቻ፤ ያም ሆኖ እስካሁን የለፈለፍኩት በሙሉ ቢደመር ከ30 ኪሎባይት አይበልጥም፤ የአንድ ደረሰኝ ሩብ እንኳ አይሞላም። የቀርከሃውን ምስል ማየት የፈለገ ሐሙስ ድረስ ይታገሠኝ፤ ለገበያው ጅማ ስንገባ እለጥፈዋለሁ። አባባ እየመጡ ነው፤ ሰማዩም ዳመነ፤ ስልኬን ላውርድ።